ስለ እንዶድ ፍሬ፤ ከልብስ አጠባ እስከ መድኃኒት ምርመራ



በካዛንቺስ ያደገ ሰው «የሰፈርህ ስም ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት ጥቂት ያመነታል፤ ቃሉ የአማርኛም የግዕዝም አይደለምና። ጠላት አገራችንን ይዞ በቆየበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ (በዚህ ንግግር የምጠራው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ነበረ። ድርጅቱ በዚያ ቦታ ያሠራቸው ቤቶች በቋንቋቸው «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ስለ ነበር፥ ጠላት ከወጣ በኋላ ሕዝባችን ቃሉን በራሱ ምላስ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። እንግዲህ የሰፈሩ ስም ከሥሩ ሲመረመር «የመንግሥት ሠራተኞች ቤት» ማለት ነው። እኔም ልጅነቴን ያሳለፍሁት በዚያው ሰፈር፥ የወር ደመወዙን ቀን ቈጥሮ በሚጠብቅ አንድ የመንግሥት ጸሓፊ ቤት ነው።

በቤታችን አጥር ላይ የሚሳብ አንድ ሐረግ ነበረ። እናቴ የሐረጉን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እየለቀመች በሰፌድ ላይ ታሰጣው ነበር። ደርቆ ከጠቈረ በኋላ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። በዚያን ሰዓት እኛ ልጆች ወደ ሙቀጫው እንዳንጠጋ ተከልክለን ነበር፤ ዱቄቱ ሲቦን ያስነጥሳል፥ ዐይንም ያቃጥላል። ቅዳሜ ጧት ዱቄቱ በውኃ ሲመታ ነጭ አረፋ ይወጣዋል፤ ነጠላውና ጋቢው፥ የእናቴ የበዓል ቀሚስም በዚያ አረፋ ታሽቶ ሣር ላይ ሲሰጣ የሚታየው ንጣት፥ ከሱቅ የሚገዛው ሳሙና ሊሰጠው የማይችል ንጣት ነበር። በኋላ ኦሞ መጣና ሙቀጫው ለበርበሬ ብቻ ቀረ።

ያ ሐረግ እንዶድ ነው። ዛሬ ላወራላችሁ የተነሣሁት፥ እናቶቻችን በሳሙናነቱ ብቻ የሚያውቁት ይህ ፍሬ እንዴት ወደ ሊቃውንት ጠረጴዛ እንደ ወጣ፥ ከወጣም በኋላ ለምን ያህል ዘመን በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ቆየ ነው። ጉዳዩ የዕፅ ጉዳይ ይምሰል እንጂ፥ ማመልከቻ ተቀብሎ መዝገብ ከፍቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም።

እንዶድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ደጋው ድረስ በአጥርና በወንዝ ዳር፥ በጫካም ጫፍ የሚበቅል ነው። በሳይንስ መዝገብ «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ይባላል። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። አረፋ የሚያስወጣው ንጥረ ነገር «ሳፖኒን» የሚባል ሲሆን፥ ቃሉ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ንጥረ ነገር ባልተሰበረው ፍሬ ውስጥ ኀይሉ ተሰውሮ መቀመጡ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በራሱ ውስጥ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ይሠራበትና ወደ ኀይለኛው ዐይነት ይለውጠዋል። እንግዲህ እናቶቻችን ሙቀጫና ውኃ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍሬውን ሳይቀላ በአረንጓዴነቱ መልቀማቸውም እንደዚሁ ነው፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ኀይሉ በዚያን ጊዜ እንደሚበረታ አረጋግጧል።

ከዚህ ቀጥዬ ስለ አንድ በሽታ መናገር ይኖርብኛል። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በካይሮ ሳለ በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚኖር አንድ ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያሠቃይ፥ በተለይ ከወንዝና ከመስኖ የማይለየውን ገበሬ፥ ዓሣ አጥማጅና ሕፃን የሚያጠቃ በሽታ ነው። በአገራችን ይበልጥ የተስፋፋው የአንጀትና የጉበት ዐይነቱ ነው። የትሉ ዕንቍላል ከሕመምተኛው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ እዚያ ይፈለፈልና አንድ ዐይነት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ በሰውነቱ ውስጥ ያድጋል፥ ይባዛልም። ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ተቈረጠ ማለት ነው። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ይህ በሽታ የሚሰራጭባት ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ በቀበና ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡት የኛ ሰፈር ሴቶች በእንዶዱ አረፋ ስለሚሞት ቀንድ አውጣ የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። በዐድዋ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱ ወጣት ሊቅ፥ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ተበታትኖ ይታያል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ግን ቀንድ አውጣው ሕያው ነው። ዶክተሩ ይህን አይተው አላለፉም። ከላይኛው ውኃ ሕያው ቀንድ አውጣዎች አምጥተው በዕቃ ውስጥ አደረጉና፥ ከአጣቢዎቹ ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንዲጨምሩበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያንን ወንዝ ከዚያ በፊት ያየ የተማረ ሰው አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ሴቶቹ የሚያደርጉትንና ወንዙ የሚያሳየውን አንድ ላይ አገናኝቶ የጠየቀ አልነበረም። ምርመራው የተጀመረው ውድ መሣሪያ ባለበት ክፍል ሳይሆን፥ በአንድ ዕቃ ውኃና በአንዲት አጣቢ እጅ መሆኑን ማስታወስ ለኋለኛው ታሪክ ይጠቅማል።

ከዚህ በኋላ ሥራው በሥርዐት ቀጠለ። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹም ዶክተር አክሊሉ ነበሩ። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። የእንዶድ ዱቄት ወደ ውጭ አገር ምርመራ ቤቶች ተልኮ፥ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ምርመራ ተቋም ሊቃውንት ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት፤ ለአግኚውም ክብር «ሌማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። አንድ ኢትዮጵያዊ ስሙ በኬሚስትሪ መዝገብ እንዲህ ሲገባ ማየት ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ትልቁ ፈተና ግን በዐድዋ ከተማ ራሷ የተደረገው ነው። ከ1969 እስከ 1974 ለ5 ዓመት ያህል በከተማዋ ወንዞች ላይ በአካባቢው የተለቀመ እንዶድ እየተረጨ፥ የሕዝቡ ጤና ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ተመረመረ። በሽታው የያዘው ሰው ከመቶ 63 የነበረው ወደ 33 ወረደ። ከዚህ ይልቅ የሚናገረው የሕፃናቱ ቍጥር ነው፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ዐዋቂው ትሉን ከብዙ ዓመት ጀምሮ በሰውነቱ ተሸክሞት ሊኖር ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ከታመመ የታመመው በቅርቡ ነው። ስለዚህ የሕፃናቱ ቍጥር መውረድ ወንዙ ራሱ እንደ ጸዳ የሚመሰክር ነው።

ይህን ውጤት የያዘው ወረቀት ወደ ዓለም አደባባይ ሲቀርብ የገጠመው ነገር፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው በቀላሉ የሚገምተው ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም የጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚያውቀው መድኃኒት በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠራውን ኒክሎሳሚድ ነበር። እርሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነው፤ እንዶዱ ግን በየአጥሩ የበቀለ ነው። ቢሆንም ዓለም አቀፍ ደረጃ በጠበቀ ምርመራ ቤት የተደረገ የመርዛማነት ፈተና እስኪቀርብ ድረስ እንዶድን ለመደገፍ የሚፈቅድ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ፈተና ደግሞ በአንድ ድኻ አገር ኢንስቲትዩት ዐቅም የሚሞከር አልነበረም። ገንዘብ እንዳይሰጥ ማስረጃ የለም ይባላል፤ ማስረጃው እንዳይገኝ ገንዘቡ የለም። በመጨረሻ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ፈተናው ሲደረግ ጊዜው ወደ 1990 ተቃርቦ ነበር። ከዐድዋው ወንዝ ዳር እስከዚያ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ለፍርድ ያህል የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ይገባል። ጥንቃቄ መጠየቁ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ የሚረጭ ነገር ሕዝብ የሚጠጣው ነውና። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ሲገድል ዓሣንም ይጎዳል። የቀንድ አውጣውን ዕንቍላል እንደ ትልቁ አድርጎ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ርጭቱ መደጋገም አለበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኀይሉ በውኃ ውስጥ መጥፋቱ ለወንዙ ጤና መልካም ሲሆን ለሥራው ድካም ይጨምራል። ከሁሉም በላይ፥ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ሳለ በ1970ዎቹ በጀርመን ባየርና ሜርክ በኅብረት ያወጡት ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ፤ ክኒኑ ትሉን በሰው ሰውነት ውስጥ ይገድለዋል። የዓለም ዐይን ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ የማልቀበለው፥ የዐድዋው ማስረጃ ተመዝኖ ቀለለ የሚለውን አነጋገር ነው፤ ማስረጃው ሳይመዘን ቆየ ቢባል ይሻላል።

በዚህ መካከል አገር ቤት ያሉት አልተኙም። የእርሻ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከ1976 እስከ 1981 ባለው ጊዜ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል ከ60 የሚበልጡ የእንዶድ ዐይነቶችን ሰብስበው፥ የትኛው ብዙ እንደሚያፈራና የትኛው እንደሚበረታ አወዳደሩ። የተመረጠው 44ኛው ሆነ፤ እስከ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ በዚሁ ቍጥር ይጠራል። ይህ ሥራ ከዐድዋው ግኝት ያነሰ ወሬ ቢኖረውም በኔ ግምት የማያንስ ዋጋ አለው፤ የዱር ሐረግን ገበሬ ሊተክለው ወደሚችል ሰብል የለወጠ ነውና። በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በስቶክሆልም ብዙዎች «ሁለተኛው ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

አሁን ጥቂት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ልውሰዳችሁ፤ የእንዶድ ወንድም በዚያ አለና። ቻይናውያን «ሻንግ ሉ» የሚሉት፥ ጥቍር ፍሬ የሚዘለልበት ተክል ከእንዶድ ጋር ከአንድ ወገን ነው፤ የሳይንስ ስሙም እንደ እንዶድ «ፊቶላካ» ብሎ ይጀምራል። በሼን ኖንግ ስም በሚጠራው የጥንት የቻይና የዕፅ መጽሐፍ ውስጥ ሻንግ ሉ መርዛም ከሚባሉት ከታችኛው ክፍል ተመድቦ ይገኛል። ሐኪሞቻቸው ሥሩን በሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን ውኃና እብጠት ለማውጣት ይሰጡ ነበር፤ ነገር ግን ነጩን ሥር ለይተው፥ ቀዩን በአፍ እንዳይሰጥ እያስጠነቀቁ። የሚያስቀናው የዕፁ ኀይል አይደለም፤ እንዶድም ኀይል አለው። የሚያስቀናው ነገሩ መጻፉ፥ የተጻፈውም በየዘመኑ እየታረመ መተላለፉ ነው። በኛ አገር የመድኃኒት ዕውቀት በደብተራ ክታብና በባለ መድኃኒት ልብ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ሲሆን፥ የአጣቢዎቹ ዕውቀት ደግሞ እንደ ዕውቀት እንኳ አልተቈጠረም።

የተጻፈው ነገር ምን እንደሚያደርግ ለማየት የቻይናን ሌላ ዕፅ መመልከት ይበቃል። በ1967 የቻይና መንግሥት ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ የሊቃውንት ማኅበር አቋቋመ። ቱ ዮዮ የተባሉት ሴት ሊቅ የጥንቱን መጻሕፍት ሲመረምሩ፥ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ጌ ሆንግ የሚባል ጸሓፊ ከኛ አሪቲ ጋር ዘመድ ስለ ሆነ አንድ ቅጠል የጻፈውን አገኙ። ጸሓፊው ቅጠሉን አፍልቶ ሳይሆን በውኃ ዘፍዝፎ ስለ መጭመቅ ነበር የተናገረው። ሊቋ ከዚህ ተነሥተው እሳት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገመቱ፤ በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት አውጥተው ተሳካላቸው። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከእርሱ የተሠሩትን ቅንብር መድኃኒቶች የመከረው በ2001 ነው፥ 30 ዓመት ቆይቶ። ልዩነቱ ቻይና በዚያ 30 ዓመት ውስጥ የዓለምን ፈቃድ ሳትጠብቅ ለራሷ ሕዝብ መጠቀሟ ነው። እኛ ዐድዋ ላይ የሞከርነውን ወደ ሌሎች ወንዞች ሳናወርደው ቀረን፤ የዚህን ምክንያት ሁሉ በጄኔቫ ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም።

የውጭ አገር ሰው ዕፃችንን ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ኮሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ኮሶ በኤውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቶ በፋርማሲ ሲሸጥ፥ የሳይንስ ስም የተሰጠው ወሬውን ከቁስጥንጥንያ ባደረሰ በብራየር ስም ነበር፤ በፈረንሳዊ ሐኪም ስም። የእንዶድ ነገር ከዚህ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከኤውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የገባ አንድ የዛጎል ዐይነት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የከተሞችን የውኃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ ወደ ኦሃዮ፥ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ ይህንንም ዛጎል እንደሚገድለው ታየ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአጠቃቀሙ የባለቤትነት መብት በአሜሪካ አወጣ። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ታዲያ ፍሬውን በሙቀጫ መውቀጥና በውኃ መምታት ያስተማሩት ወገኖች ድርሻ የት አለ? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ አንሥተው በዓለም ጉባኤዎች ተከራክረዋል። አገራችንም በ2006 ባወጣችው 482ኛ ቍጥር አዋጅ የዕፅዋት ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፥ ከጥቅሙም ድርሻ እንዲገኝ ደንግጋለች። አዋጁን ማንበብ ለሚወድ ሰው፥ በየአንቀጹ መካከል የእንዶድ ጥላ ያለ መስሎ ይታየኛል።

ሳልረሳ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንዶድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ስንል የሚጠጣ መድኃኒት ማለታችን አይደለም። በየመንደሩ ለኮሶ፥ ለአባለ ዘር በሽታና ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ሕይወት ያጠፋበት ጊዜም አለ። ሰውን ሊፈውስ የታሰበው በሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን በወንዙ ውስጥ ሆኖ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። እኔ ያደግሁበት ሰፈርም በ2024 በተጀመረው የከተማ ልማት ብዙው አሮጌ ክፍሉ ፈርሷል፤ አጥራችን ከነሐረጉ ከሄዱት መካከል ነው። በአገራችን በ2015 የተጀመረው የትምህርት ቤት ልጆች የትል ማጥፊያ ዘመቻ ፕራዚኳንቴልን ለብዙ ሚሊዮን ሕፃናት አድርሷል፤ ክኒኑን በስጦታ የሚሰጠው ሜርክ ነው። ሆኖም ክኒን የዋጠ ሕፃን ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይታመማል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ፥ የቀንድ አውጣ ማጥፋቱም ሥራ አብሮ እንዲሄድ መክሯል። ለዚህ ሥራ በእጁ ያለው መድኃኒት እስከ ዛሬ ኒክሎሳሚድ ነው።